ልብስ ሰፊዋ የተወችው እንቆቅልሽ

በርሊን ከተማ ውስጥ አንዲት የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ በሕይወቷ ተስፋ ቆርጣ ሰልፈሪክ አሲድ ጠጣች። ሞት ግን ወዲያው አልመጣላትም። አሲዱ ጨጓራዋን አቃጥሎ ጠባሳ ተወበት፤ የበላችው የጠጣችው ሁሉ አልረጋ አላት። እያስመለሳት ሰነበተች። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተከተለ። ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ መዞር አቃታቸው። ስትቆም እግሯ ተንገዳገደ። ያለችበት ቦታና በዙሪያዋ ያለው ሰው ተምታታባት። በመንገድ ላይ ያያት ሰው ቢኖር ሰክራለች ባለ ነበር። እሷን ለዚህ ያበቃት ግን መጠጥ አልነበረም።

ልጅቱ ሞተች። አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ካርል ቬርኒኬ ይባል ነበር። ቬርኒኬ ገና በ26 ዓመቱ የሰው ልጅ የሰማውን ቃል የሚረዳበትን የአንጎል ክፍል በማመልከቱ ስሙ የተጠራ ወጣት ነበር። የልብስ ሰፊዋን አንጎል ከፍቶ ሲመለከት ላዩ ደህና መሰለው። ወደ እምብርቱ ሲዘልቅ ግን ውሃ በሚያቁሩት ጠባብ ክፍተቶች ዙሪያ እጅግ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች አየ። አንድ ሰው በቀጭን መርፌ ደጋግሞ የወጋው ይመስል ነበር።

ያን ምልክት በሌሎች ሁለት ሰዎችም አገኘው። ሁለቱም ወንዶች ነበሩ፤ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ከመጠጥ ያልተለዩ። እነሱም ዓይናቸው ፈዞ፣ እግራቸው ተንገዳግዶ፣ አእምሯቸው ተምታቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ አልፈዋል። ቬርኒኬ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ሦስቱን ታሪክ በአንድነት ጻፈ። የአንጎል ብግነት ነው ብሎም ስም አወጣለት።

ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ሕመምተኞች በየሆስፒታሉ መገኘት ጀመሩ። አብዛኞቹ ጠጪዎች ነበሩ። ሐኪሞችም መልሱ የተገኘ መሰላቸው፦ መጠጥ መርዝ ነው፤ መርዙ አንጎልን አቆሰለ፤ አለቀ። ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። ከሦስቱ አንዷ ግን ከዚህ መልስ ጋር አልገጠመችም። ልብስ ሰፊዋስ? እሷን የመረዛት ምን ነበር? ጥያቄውን ያነሣ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ መልሱም ከ60 ዓመት በላይ ጠበቀ።

*

በእነዚያው ዓመታት ሞስኮ ውስጥ ሰርጌይ ኮርሳኮፍ የተባለ ሐኪም በሌላ ነገር ይገረም ነበር።

ሕመምተኛው ሲያዩት ደህና ሰው ነው። ሐኪሙ ሲገባ በጨዋ ደንብ ይቀበለዋል፤ ያወጋል፤ ካርታ ይጫወታል፤ የልጅነቱን ነገር አንድ በአንድ ያነሣል። ሐኪሙ ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ሲመለስ ግን ያው ሰው በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው አድርጎ እንደገና ሰላምታ ይሰጠዋል። ካርታውንም ጨዋታውንም አያስታውስም። አንዱን ገጽ ደጋግሞ ያነባል፤ በየጊዜው አዲስ ይሆንበታል። ትናንት የት ዋልክ ሲባል፣ ከአልጋው ከወረደ ብዙ ጊዜ የሆነው ሰው ከተማ ወጥቶ ከወዳጁ ጋር ሲጫወት እንደዋለ ያለ ማመንታት ይተርካል።

እየዋሸ አልነበረም። ትዝታው የነበረበት ቦታ ባዶ ሲሆንበት ልቡ ሳያውቀው በሌላ ነገር ይሞላው ነበር። ኮርሳኮፍ ይህን በትዕግሥት መዘገበ። ከ1887 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ሕመሙ በብዛት በጠጪዎች ላይ እንደሚታይ፣ ብዙውን ጊዜም የእግርና የእጅ ነርቮች አብረው እንደሚደክሙ አስረዳ። ሆኖም እሱም አንድ የማይገጥም ነገር ነበረበት። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ጠጪዎች አልነበሩም። የታይፎይድ ሕመም ያዳከማቸው ሰዎችና ከወሊድ በኋላ በብርቱ የታመሙ ሴቶች ነበሩባቸው። ኮርሳኮፍ በደማቸው ውስጥ አንድ መርዝ መኖር አለበት ብሎ ገመተ። መርዙን ግን አላገኘውም።

ቬርኒኬ በበርሊን ያየው የሕመሙን መጀመሪያ ነበር። ኮርሳኮፍ በሞስኮ ያየው ከመጀመሪያው ተርፎ የሚቀረውን ነበር። አንደኛው የቤቱን መግቢያ፣ ሁለተኛው መውጫውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ቤቱ አንድ መሆኑን ግን አላወቁም። ኮርሳኮፍ በ1900 በ46 ዓመቱ ሞተ። ቬርኒኬ በ1905 በብስክሌት አደጋ ሕይወቱ አለፈ። የቬርኒኬ ረዳት የነበረው ካርል ቦንሆፈር ሁለቱ ሕመሞች አብረው እንደሚሄዱ የጻፈው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ሐኪሞቹ መርዙን በጠጪዎች ደም ውስጥ ሲፈልጉ፣ ቁልፉ ከዚያ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ የዶሮ ቤት ውስጥ ወድቆ ነበር።

*

ቦታው ዛሬ ጃካርታ የምትባለው፣ ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት የነበረችው ባታቪያ ናት። ወታደሮችና እስረኞች ቤሪቤሪ በሚባል ሕመም ይረግፉ ነበር። እግራቸው ይዝላል፣ ልባቸው ይደክማል፣ ይሞታሉ። የሆላንድ መንግሥት በ1886 ሐኪሞች ላከ። ከመካከላቸው ክርስቲያን አይክማን የሚባለው እዚያው ቀረ፤ በወታደራዊው ሆስፒታል ግቢ በተሠራች አነስተኛ ቤተ ሙከራም ተቀመጠ። ዘመኑ ጀርም የተገኘበት ስለነበር አይክማንም የሚፈልገው ጀርም ነበር። የሕመምተኞችን ደም ወስዶ ዶሮዎችን ወጋ።

ዶሮዎቹ ታመሙ። እግራቸው ከዳቸው፤ መቆም አቃታቸው። አይክማን ያገኘ መሰለው። ጥቂት ቆይቶ ግን ያልተወጉት ዶሮዎችም ታመሙ። ተላላፊ ይሆናል ብሎ ለየብቻ አደረጋቸው፤ እነሱም ታመሙ። ግራ ተጋባ። ከዚያ አንድ ቀን ምንም ሳያደርግላቸው ዶሮዎቹ በሙሉ ዳኑ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተናዶ ሙከራውን በተወው ነበር። አይክማን ግን ጠየቀ፦ ምን ተለወጠ? የዶሮዎቹ ጠባቂ የተናገረው ነገር ተራ ወሬ ይመስል ነበር። ለአምስት ወር ያህል ወጪ ለመቆጠብ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ የተቀቀለ ነጭ ሩዝ ይሰጣቸው ነበር። አዲስ አብሳይ ሲመጣ ግን የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም ብሎ ከለከለ። ጠባቂውም ያልተፈተገ ተራ ሩዝ ገዝቶ ማብላት ጀመረ። ዶሮዎቹ የዳኑት ከዚያ ወዲህ ነበር።

የአንድ አብሳይ ግትርነት ሳይንቲስቶች ያላገኙትን በር ከፈተ። ሕመሙን ያመጣው የተፈተገው ሩዝ ነበር፤ የሚያድነው ደግሞ ሩዙ ሲፈተግ ተገፎ የሚጣለው ቀጭን ቅርፊት። አይክማን ግን እሱም በዘመኑ ሐሳብ ታስሮ ነበር። በሩዙ ውስጥ መርዝ፣ በቅርፊቱ ውስጥ ማርከሻ አለ ብሎ ገመተ። ሥራውን የወረሰው ጌሪት ግራይንስ ነገሩን በ1901 ገለበጠው። መርዝ የለም፤ የጎደለ ነገር ነው ያለው አለ። ሰው በሚበላው ብቻ ሳይሆን ባልበላውም መታመሙ ያኔ ለብዙዎች አልዋጥ አላቸው።

የጎደለው ነገር በ1926 እዚያው ባታቪያ ውስጥ ከሩዝ ቅርፊት ተጣርቶ ወጣ። በ1936 አሜሪካዊው ሮበርት ዊሊያምስ በቤተ ሙከራ መሥራት ቻለ። ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን ይባላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሩዝ የበላ የእስያ ወታደርና አልኮል የጠጣ የአውሮፓ ሰው አንድ ሕመም ይታመማሉ ብሎ የጠረጠረ ሐኪም ጥቂት ነበር። ጥርጣሬውን ያበረቱት ርግቦች ናቸው።

*

ኦክስፎርድ ውስጥ ሩዶልፍ ፒተርስ ርግቦችን የተፈተገ ሩዝ ብቻ እያበላ ያጠና ነበር። ርግቦቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንገታቸው ወደ ኋላ ይቆለመምና ይወድቃሉ። ቫይታሚኑ ሲሰጣቸው ግን ሞት አፋፍ ላይ የነበረችው ወፍ በሰዓታት ውስጥ ተነሥታ ትቆማለች። ይህ ፒተርስን አስደነቀው። የቆሰለ አንጎል እንዲህ ቶሎ አይድንም። ታዲያ ምን ነበር የሆነው?

የርግቦቹን አንጎል ወስዶ በዕቃ ውስጥ አስቀመጠና ኦክስጂን ሲጠቀም ለካ። ቫይታሚን ያጣው አንጎል ስኳር እያለው ስኳሩን እስከ መጨረሻው ማቃጠል አቅቶት ነበር። ፒተርስ ጥቂት ቫይታሚን ጠብ ሲያደርግበት ከአካል የተለየው ያ አንጎል እንደገና መተንፈስ ጀመረ። ምድጃው አልፈረሰም ነበር። ማገዶውም ሞልቷል። የጠፋው የሚያያይዘው ክብሪት ነበር። አንጎል ደግሞ ከአካል ሁሉ ይልቅ ያለ እሳት መቆየት የማይችል ምድጃ ነው።

ቦስተን ውስጥ ሊዮ አሌክሳንደር ከዚህ ተነሥቶ አንድ እርምጃ ሄደ። ቢ1 ብቻ የተነፈጉትን ርግቦች አንጎል ከፍቶ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ያየው ነገር ከ50 ዓመት በላይ አስቆጥሮ ነበር። ቬርኒኬ በልብስ ሰፊዋ አንጎል ያያቸው፣ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉት የደም ነጠብጣቦች ነበሩ።

ሐኪሞች ተከፋፈሉ። ርግብ ሰው አይደለችም ያሉ ነበሩ። ጠጪው ቫይታሚን ቢያጣም አልኮሉም አብሮት አለ፤ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ይህን ለመለየት ጤነኛ ሰዎችን ሰብስቦ፣ አንድ ጠብታ መጠጥ ሳያቀምሱ ቢ1 በሌለው ምግብ ማሰንበት ያስፈልግ ነበር። ኅሊና ያለው ሐኪም ይህን ሙከራ አያደርገውም።

ጦርነት ግን አደረገው።

*

የካቲት 1942 ሲንጋፖር ለጃፓን ጦር እጇን ሰጠች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደሮች ተማረኩ። ከመካከላቸው ገና 30 ዓመት ያልሞላው ሐኪም ሂዩ ደ ዋርደነር ነበረ። የምርኮኞቹ ቀለብ በአብዛኛው የተፈተገ ሩዝ ነበር። መጠጥ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆን አንዳንድ ምርኮኞች ምግብ አስጠላቸው፤ ያስመልሳቸውም ጀመር። ብዙዎቹ ቀድሞ ተቅማጥ ያዳከማቸው ነበሩ። ቀጥሎ ዓይናቸው ይርገበገብ ጀመር። ከዚያ ቀኑና ቦታው ጠፋባቸው፤ የአንዳንዶቹም ትዝታ ተነነ። ደ ዋርደነር የሚያየውን ያውቀዋል። የጠጪዎች ሕመም ተብሎ የተማረው የቬርኒኬ ሕመም ነበር። በፊቱ ያሉት ሰዎች ግን ለሳምንታት አንድ ጠብታ አልኮል አልቀመሱም።

በካምፑ የነበረው ቢ1 እጅግ ጥቂት ነበር። ያችኑ ጥቂት ለተገኘላቸው ሕመምተኞች ወጓቸው። ግራ ተጋብቶ የነበረው ሰው በአንድ ሁለት ቀን ልቡ ተመለሰ፤ ዓይኑ ረጋ። መድኃኒቱ ያልደረሳቸው ወይም ዘግይቶ የደረሳቸው ሞቱ። አስከሬናቸውን የመረመረው በርናርድ ሌኖክስ በአንጎላቸው እምብርት እነዚያኑ የደም ነጠብጣቦች አገኘ።

ደ ዋርደነር ሁሉንም ጻፈ። በምርኮ ካምፕ ውስጥ ግን ወረቀት መያዝ ራሱ አደጋ ነበር። መዝገቡ ሊወሰድ ሆነ። ያኔ ወረቀቶቹ በቆርቆሮ ታሽገው ታይላንድ ውስጥ በአንድ መቃብር ተቀበሩ። የሞቱት ሰዎች ታሪክ ከሙታን ጋር አፈር ለበሰ፤ ቀባሪዎቹ ራሳቸው በሕይወት ተርፈው ያወጡት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ጦርነቱ አበቃ። ቆርቆሮው ተቆፍሮ ወጣ። በ1947 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የ52 ሰዎች ታሪክ ታተመ። ርዕሱ ላይ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ቆመው ነበር፦ የአንጎል ቤሪቤሪና የቬርኒኬ ሕመም። ልብስ ሰፊዋ ከ60 ዓመት በላይ ቆይታ መልስ አገኘች። እሷንም፣ ምርኮኞቹንም፣ ሁለቱን ጠጪዎችም ያገናኛቸው መርዝ አልነበረም። ሁሉም ተርበው ነበር። አንጎላቸው ተርቦ ነበር።

*

ጠጪው እንዴት ይራባል? ብዙ የሚጠጣ ሰው ምግብ ይረሳል፤ መጠጡ ጉልበት የሰጠው ይመስለዋል እንጂ ቫይታሚን አይሰጠውም። ጥቂት የበላ እንደሆነም አልኮሉ አንጀቱ ቢ1ን እንዳይቀበል ያግዳል። የተጎዳ ጉበቱም ማከማቸት ያቅተዋል። ሰውነት የሚይዘው የቢ1 ስንቅ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው። ጎተራው ከላይ አይሞላም፣ ከታች ይፈሳል።

ቦስተን ውስጥ ሞሪስ ቪክተር፣ ሬይመንድ አዳምስና ባልደረቦቻቸው ነገሩን በጠጪዎቹ ላይ ራሱ አረጋገጡ። በ1952 ባወጡት ጥናት ሕመምተኞቹ ቢ1 የሌለበት ምግብና ሌሎች ቫይታሚኖች ሲሰጣቸው ዓይናቸው እንደፈዘዘ ቀረ። ታያሚን ሲጨመር ብቻ ዓይናቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ዓይኑ የተመለሰለት ሰው ልቡ ሲጠራ፣ ኮርሳኮፍ የገለጸው የትዝታ ጉድጓድ ከሥር ወጣ። ቪክተርና አዳምስ ከጆርጅ ኮሊንስ ጋር 245 ሕመምተኞችን ተከታትለው በ1971 መጽሐፍ አሳተሙ። የሁለቱ ሐኪሞች ሕመም በመጨረሻ በአንድ ስም ተጠራ። ትዝታው ከጠፋበት ሰው መካከል ሙሉ በሙሉ የዳነው ከአምስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ለረጅም ጊዜ ክብሪት ያጣ ምድጃ ግድግዳው ራሱ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ክብሪት አይጠግነውም። ነገሩ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ሆነ።

ሰዓቱን ደግሞ ማን ያየዋል? ሐኪሞች ሕመሙን ያውቁታል፣ መድኃኒቱም ርካሽ ነው፤ እንግዲህ ታሪኩ ያበቃል ተብሎ ታሰበ። በ1979 ከአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ የመጣው ዜና ግን ያልታሰበ ነበር። ክላይቭ ሃርፐር የተባለ ሐኪም በአራት ዓመት ውስጥ በተመረመሩ አስከሬኖች የቬርኒኬን ሕመም በ51 ሰዎች አንጎል አገኘ። በሕይወት ሳሉ ሕመሙ የታወቀላቸው 7 ብቻ ነበሩ።

ሌሎቹ 44 እንዴት አመለጡ? የዓይን እንቅስቃሴ መታወክ፣ የእግር መንገዳገድና የአእምሮ መምታታት የሕመሙ ሦስት ምልክቶች ናቸው። ሦስቱም አንድ ላይ የሚታዩት ደግሞ ከስንት አንዱ ሕመምተኛ ላይ ነው። በጠጪ ላይ ሲታዩም ስካር ይመስላሉ። ልብስ ሰፊዋን ከሌሎቹ የለያት ይኸው ነበር። እሷ ስትንገዳገድ ለሐኪሟ የሚታየው ሕመሟ ነበር፤ ጠጪው ሲንገዳገድ ግን የሚታየው ጥፋቱ ብቻ ነበር። ሞቱ የተደበቀው «ጠጪ» በሚለው ስሙ ውስጥ ነበር።

አውስትራሊያ በ1991 ለዳቦ በሚሆን ዱቄት ውስጥ ታያሚን እንዲጨመር በሕግ አዘዘች። ከዚያ በኋላ በአስከሬን ምርመራ የሚገኘው የዚህ ሕመም ቁጥር ቀነሰ። በብዙ ሆስፒታሎችም ለጠጪ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ወይም አብሮት ታያሚን በደም ሥር መስጠት ደንብ ሆነ፤ ማገዶው ሲበዛ ክብሪቱ ጨርሶ እንዳያልቅ።

ይህ ማለት አልኮል ራሱ ንጹሕ ነው ማለት አልነበረም። በኋላ የመጡ ጥናቶች ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎል ቫይታሚን ባይጎድለውም እንደሚሳሳ አሳዩ፤ መጠጡን ሲያቆም ከጠፋው መጠን ከፊሉ እንደሚመለስም ጭምር። የልብስ ሰፊዋ ታሪክ ያስተማረው ሌላ ነገር ነው። የአረቄ ቤት ደጃፍ ላይ የወደቀን ሰው የሚያልፍ ሁሉ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛና ይለቀዋል» ይላል። ቤተሰቡም ደጋግሞ የሚረሳውንና ያልሆነውን የሚያወራውን ሰው ውሸታም ይለዋል። ሳይበላ ሲጠጣ የከረመ ሰው ሳይጠጣም በዋለበት ቀን ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከተርገበገበ ወይም ያለበት ከጠፋበት ግን የሚያስፈልገው እንቅልፍ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ ነው።

ቬርኒኬ ያን ቀን በአንጎሏ ውስጥ ያየው ነጠብጣብ ከመርፌ ጫፍ አይበልጥም ነበር። ስሟ ለእኛ አልደረሰም። ያልጠጣችው መጠጥ ግን ለጠጡት ሁሉ መሰከረላቸው፦ የተራበ ሰው ነው፤ ቶሎ ድረሱለት።